ከቃሬዛ እስከ ካርድ፤ ኦፕራሲዮን በመንግሥት ቤትና በግል ቤት

በባልባላ አንድ ሰው ኦፕራሲዮን ያስፈልግሃል መባሉን ለጎረቤቱ ሲያወራ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ የታወቀ ነው። «የት ልትገባ ነው? መንግሥት ቤት ነው ወይስ የግል?» ይባላል። የበሽታው ዓይነት የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። መንግሥት ቤት ዋጋው ይቀላል፣ ወረፋው ግን ይረዝማል፤ የግል ቤት ቶሎ ያስገባል፣ ኪስን ግን ያራቁታል የሚለው አስተያየት በየሻይ ቤቱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍና በየመስጊዱ ጥላ ሥር ሲነገር ይውላል። አስተያየቱ ከእውነት የራቀ ነው ለማለት አይቻልም።

ይሁን እንጂ የአካባቢያችንን የሕክምና ታሪክ ወደ ኋላ ሄዶ ለመረመረ ሰው ነገሩ በሁለት ሕንፃዎች መካከል የተሰመረ ድንበር ሆኖ አይታይም። ድንበሩ ብዙ ጊዜ የሚያልፈው በአንድ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ፣ በአልጋና በአልጋ መካከል ነው። ይህን ድንበር የሚያሰምረውም ከበሽተኛው ጀርባ የቆመው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። በጅቡቲ በየሆስፒታሉ መስኮት የሚሰማው «ፕሪዝ አን ሻርዥ» የሚለው የፈረንሳይኛ አነጋገር ይህንኑ ይገልጻል። ለተርጓሚ አስቸጋሪ ከሆኑት ቃላት አንዱ ነው። ወጪውን መሸከም፣ ዋስ መሆን፣ በሽተኛውን ተረክቦ ማሳከም፣ ሦስቱንም ባንድ ጊዜ ያመለክታል። በአማርኛ የሚቀርበው «ዋስ» የሚለው ይመስለኛል። ይህ ጽሑፍ ያለፉትን መቶ ሠላሳ ዓመታት በዚህ ቃል መነጽር ለመመልከት ይሞክራል። የዓመቱ ቁጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ራሱ ለራሱ ዋስ የነበረው ነጋዴ

በ1891 መጀመሪያ ላይ በሐረር ይነግድ የነበረው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ የቀኝ ጉልበቱን አመመው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በታጁራ ተቀምጦ ለምኒልክ ጠመንጃ ለማድረስ ቅፍለት ያደራጀ ሰው ስለሆነ ለእኛ አካባቢ እንግዳ አልነበረም። በሐረር ሕመሙን የሚያይለት የቀዶ ሕክምና ባለሙያ አልነበረም። ስለዚህ ራሱ በነደፈው ቃሬዛ ላይ ተኝቶ፣ 16 ተሸካሚዎችን ቀጥሮ፣ በኤፕሪል ወር ከሐረር ተነሣ። በረሃውን አቋርጦ ዘይላ ደረሰ፤ ከዚያም በመርከብ ወደ አደን ተሻገረ። በአደን ሆስፒታል የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ወደ አውሮፓ እንዲሄድ መከረው። በሜይ 20 ማርሴይ ገባ፤ ከሳምንት በኋላ እግሩ ተቆረጠ። ሆኖም በሽታው ወደ ሌላው አካሉ ተሠራጭቶ በኖቬምበር 10 ቀን በ37 ዓመቱ ሞተ።

የተኛበት የማርሴይ «ኮንሴፕሲዮን» ሆስፒታል የሕዝብ ሆስፒታል ነበር። ራምቦ ግን በከፋዮች ክፍል ነው የተኛው። በቀን 10 ፍራንክ፣ የሐኪሙ ዋጋ ታክሎበት፣ እንደሚከፍል ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ገልጿል። በአንድ ጣሪያ ሥር በነጻ የሚተኛ ድሃና ከፍሎ የሚተኛ ነጋዴ ነበሩ ማለት ነው። ዛሬ በመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ ያለ የግል ክፍል የምንለው ነገር ያን ጊዜም ነበረ። ራምቦ ገንዘብ ስለነበረው ዋስ አላስፈለገውም። ገንዘቡ ተሸካሚ ቀጠረለት፣ መርከብ አሳፈረው፣ አልጋ ገዛለት። ከሐረር እስከ ማርሴይ በመንገድ የባከነውን ጊዜ ግን ሊመልስለት አልቻለም። ለዕጢ በሽታ ደግሞ ከሁሉ የከበደው ዋጋ ጊዜ ነው።

በነጻ የታከሙት ቁስለኞች

ከአምስት ዓመት በኋላ የተለየ ታሪክ ተጻፈ። በማርች 1896 የአድዋ ጦርነት ከተፈጸመ በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ቁስለኞችን የሚያክም ቡድን ወደ ኢትዮጵያ ላከ። ኢጣልያ ቡድኑ በምጽዋ እንዳያልፍ ስለከለከለች ሐኪሞቹ ከነመሣሪያቸው በጅቡቲ ወረዱ። ጅቡቲ ያን ጊዜ ከኦቦክ ተረክባ የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ ዋና ከተማ የሆነች ገና ጨቅላ ወደብ ነበረች፤ የባቡር ሐዲድ አልተዘረጋላትም። ሐኪሞቹ በግመልና በበቅሎ በሐረር በኩል አዲስ አበባ ደርሰው ቁስለኛውንም ሌላውንም በሽተኛ ያለ ክፍያ ማከም ጀመሩ። ሥራቸው በቋሚ ሆስፒታል መልክ እስከ 1906 ድረስ ቀጠለ።

እዚህ ላይ ነጻ ሕክምና የሚለውን ቃል መመርመር ይገባል። በሽተኛው አልከፈለም እንጂ የሚከፍል ነበረ። ከቁስለኛው ጀርባ የቆመው ዋስ የሩሲያ መንግሥት ሲሆን፣ እርሱም በአፍሪካ ቀንድ ወዳጅ የማፍራት ፍላጎት ነበረው። ዋሱ ሌላ ጉዳይ ሲይዘው ሆስፒታሉም ተዘጋ። ሆስፒታሉ በነበረበት ስፍራ በ1910 የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ሲቋቋም ኢትዮጵያ በራሷ መንግሥት ስም የቆመ ሆስፒታል አገኘች።

በዚሁ ዘመን የጓድሎፕ ተወላጁ ዶክተር ጆሴፍ ቪታልየን በሐረር የራስ መኰንን፣ በኋላም የምኒልክ ሐኪም ነበሩ። በ1908 የባቡሩ ሐዲድ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ እንዲቀጥል ውሉ የተሰጠው በእኚሁ ሐኪም ስም ነበር። በሽተኛ የሚያክም እጅ የሐዲዱንም ውል መያዙ ዛሬ እንግዳ ይመስል ይሆናል፤ በዚያ ዘመን ግን ሕክምና፣ ንግድና ዲፕሎማሲ በአንድ መንገድ የሚጓዙ ነበሩ።

ሦስት በር የነበራት ከተማ

ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ከባቡሩ ጋር ሌላ ዓይነት ዋስ መጣ፤ እርሱም ኩባንያው ነው። እንደ ዘመኑ ታላላቅ ኩባንያዎች ሁሉ የምድር ባቡሩ ሠራተኞቹን የሚያሳክምበት የራሱ አገልግሎት ነበረው። የሠራተኛ ቁጥር ያለው ሰው ቢታመም ጀርባው ባዶ አልነበረም። ሸክም ተሸካሚው፣ የቀን ሠራተኛውና ነጋዴዋ ግን ከዚህ ውጭ ነበሩ።

በፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶች ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀምሮ «የአገሬው ተወላጆች የሕክምና እርዳታ» የሚባል ሥርዓት ተዘርግቶ ነበር። ተወላጁ በነጻ ይታከማል፤ ክፍሉም አልጋውም ግን ከአውሮፓዊው የተለየ ነው። በዚህ ዓይነት የቅኝ ግዛት ሆስፒታል በስሙ የሕዝብ ሆኖ ሳለ በውስጡ በማዕረግ የተከፋፈለ ነበር። ዛሬ ፔልቲዬ አጠቃላይ ሆስፒታል የምንለው ታላቁ የመንግሥት ሆስፒታል ከዚያ ዘመን የተወረሰ ነው። ከእርሱ ጎን የፈረንሳይ ጦር ሠራዊት ሆስፒታል ቡፋር ነበረ። ቡፋር የወታደር ቤት ይሁን እንጂ ሲቪሎችንም ይቀበል ስለነበር በከተማው ነዋሪ ዘንድ ስሙ ትልቅ ነበር፤ በ2010ሮቹ አጋማሽ ተዘግቷል። ሲዘጋም ብዙ ሰው ሦስተኛው በር እንደተዘጋበት ቆጠረው።

አጥሩና ባልባላ

በኦገስት 1966 ፕሬዚዳንት ሻርል ደ ጎል ጅቡቲን ሲጎበኙ የነጻነት ጠያቂዎች ሰልፍ ወጣ፤ ደምም ፈሰሰ። በማርች 1967 ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። በዚያው ሰሞን ከተማዋ በእሾህ ሽቦ ታጠረች፤ የጥበቃ ማማዎችም ቆሙባት። የዘመኑ ሰዎች «ባራዥ» የሚሉት ይህ አጥር ከገጠር የሚመጣው ሰው ወደ ከተማ እንዳይገባ የተሠራ ነበር። በሌሊት ሊሻገሩት ሲሞክሩ ሕይወታቸውን ያጡ አሉ። የይለፍ ወረቀት ያላገኘው ሰው ከአጥሩ ውጭ በቆርቆሮና በእንጨት መጠለያ ሠርቶ ተቀመጠ። ባልባላ የተወለደችው እንዲህ ነው።

ሆስፒታሉ ከአጥሩ ውስጥ፣ በሽተኛው ከአጥሩ ውጭ ሆኑ። በዚያ ጊዜ ምጥ የጸናባት የባልባላ እናት ወይም ትርፍ አንጀቱ የተነሣበት ወጣት መንግሥት ቤት ወይስ የግል ብሎ ለመምረጥ ዕድል አልነበረውም። የመጀመሪያው ጥያቄ በፍተሻው በር ማለፍ ነበር። ዋስ የሚሆነው ወረቀት ነው፤ ወረቀት ደግሞ ለሁሉም አይሰጥም። የባልባላ ነዋሪ ዛሬም ስለ ሕክምና ሲያስብ ከሐኪሙ በፊት ወረቀቱን የሚያስበው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሰፈሩ ልደት ጋር የመጣ ልማድ ነው።

ጅቡቲ በጁን 27 ቀን 1977 ነጻ ወጣች። በዚያው ዓመት የኦጋዴን ጦርነት ተቀጣጥሎ ከኢትዮጵያ ብዙ ስደተኞች ድንበር ተሻገሩ። ድርቁም የገጠሩን ሰው አፈለሰው። ባልባላ እያደገች ሄዳ በ1980ዎቹ የከተማዋ አካል ሆነች። በኋላም በኢጣልያ ትብብር የባልባላ ሆስፒታል ተሠራ። የሩሲያን ሐኪሞች በምጽዋ በር ያገደችው አገር መቶ ዓመት ሳይሞላ ወይም በዚያ ገደማ በባልባላ ሆስፒታል ስታሠራ ማየት ታሪክ ከሚያሳየን ዙር አንዱ ነው። የሆስፒታሉ ጥቅም በተለይ የሚታወቀው ዝናብ ሲመጣ ነው። በባልባላና በአሮጌው ከተማ መካከል ያለው የአምቡሊ ወንዝ ዓመቱን ሁሉ ደርቆ ይከርምና በድንገት ይሞላል። በኤፕሪል 2004 ጎርፉ ብዙ ነፍስ አጥፍቷል። ወንዙ በሞላ ቀን ፔልቲዬ ሩቅ አገር ነው።

«ክሊኒክ» የሚለው ቃል

በ1987 የአፍሪካ የጤና ሚኒስትሮች በባማኮ ተሰብስበው በሽተኛው ለመድኃኒትና ለሕክምና ከወጪው እንዲጋራ የሚያደርግ አሠራር ተቀበሉ። ከዚያ ወዲህ በአህጉሩ «ነጻ» የሚለው ቃል እየሳሳ ሄደ። በሽተኛው ጓንቱንና የስፌት ክሩን ከፋርማሲ ገዝቶ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ይዞ መምጣቱ በብዙ አገር የተለመደ ሆነ። ጅቡቲም ከ1991 እስከ 1994 በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ አለፈች፤ የመንግሥት ገንዘብም ጠበበ። የመንግሥት ቤት ሲዳከም የግል ቤት የሚበረታ መሆኑ በየትም የታየ ነው።

እዚህ ላይ የአማርኛ ተናጋሪን ዘወትር የሚያሳስት ቃል አለ። በአማርኛ «ክሊኒክ» ስንል ከሆስፒታል ያነሰ፣ መርፌ የሚወጋበትና ቁስል የሚታሰርበት ቤት ማለታችን ነው። በፈረንሳይኛ «ክሊኒክ» ማለት ግን አልጋና የኦፕራሲዮን ክፍል ያለው የግል ሆስፒታል ነው። ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው «ክሊኒክ ሂድ» ሲባል ቀላልና ርካሽ ነገር ጠብቆ ሄዶ በሂሳቡ ይደነግጣል። ሌላው ደግሞ «ክሊኒክ ነው» ተብሎ ቤቱን ይንቅና ኦፕራሲዮን አይሠራበትም ብሎ ይደመድማል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

ከዋስ አንፃር ሲታይ ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2014 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ «አሱራንስ ማላዲ ዩኒቨርሴል» የተባለውን አጠቃላይ የጤና መድን አቋቋመ። ከዚያ በፊት በዋናነት ዋስ የነበረው ደመወዝ ከፋዩ ነው። ቀድሞ «ኦፔኤስ» የሚባለውና በ2008 ከጡረታ ድርጅቱ ጋር ተዋሕዶ «ሴኤንኤስኤስ» የሆነው ተቋም በአሠሪዎች መዋጮ ሠራተኛውን ያሳክም ነበር። አዲሱ ሕግ ለሠራተኛው በመዋጮ፣ ለድሃው ደግሞ «ፓስ» በሚባለው ፕሮግራም በመንግሥት ወጪ ካርድ እንዲሰጥ ደነገገ። በ2017 የወጣው የስደተኞች ሕግም ለተመዘገበ ስደተኛ የሕክምና መብት አረጋገጠ። ቃሬዛው በካርድ ተተካ ማለት ነው። ሳይመዘገብ የሚኖረው፣ ወደ ባሕሩ ማዶ ለመሻገር ሲል በባልባላ የቆየውና ወረቀት የሌለው ወገናችን ግን ዛሬም ከአጥሩ ውጭ ነው። ሽቦው ተነሥቷል፤ የወረቀቱ ጥያቄ ግን አልተነሣም።

በሐዲዱ ወደ ላይ

ለብዙ የጅቡቲ ነዋሪ ሦስተኛው አማራጭ ወደ ድሬዳዋ ወይም አዲስ አበባ መውጣት ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2018 ሥራ ከጀመረ ወዲህ መንገዱ ቀሏል። ይሁንና የኢትዮጵያም ታሪክ ያንኑ ድንበር ያሳየናል። በደርግ ዘመን ተገድቦ የነበረው የግል ሕክምና በ1993 በወጣው የጤና ፖሊሲ በይፋ ተበረታታ። በ1998 የጸደቀው የጤና ፋይናንስ ስልት ደግሞ የመንግሥት ሆስፒታሎች ገቢያቸውን ለራሳቸው እንዲጠቀሙበት መንገድ ከፈተ። ከዚህ የተወለደው «ፕራይቬት ዊንግ» የሚባለው የግል ክፍል ነው። ያው ሐኪም፣ በዚያው ሆስፒታል፣ ከመደበኛ ሰዓት ውጭ፣ ከፍ ባለ ዋጋ ይሠራል። የራምቦ አልጋ ከመቶ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ገባ ብንል ማጋነን አይሆንም። በሌላው ጫፍ ደግሞ መክፈል የማይችለው ሰው ከቀበሌው የነጻ ሕክምና ወረቀት ይዞ ይቀርባል፤ ያም ዋስ ነው።

ከሁለቱም ያልሆነ ምሳሌም አለ። በ1959 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት አውስትራሊያዊቷ ካትሪን ሐምሊንና ኒውዚላንዳዊው ባለቤታቸው ሬጂናልድ ሐምሊን በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። በምጥ ብዛት ተጎድተው ከቤታቸው የተገለሉ ሴቶች አንድ ሳንቲም ሳይከፍሉ በኦፕራሲዮን ድነውበታል። መንግሥት ቤት አይደለም፤ ለትርፍ የቆመም አይደለም። ዋሶቹ በዓለም ዙሪያ የተበተኑ ለጋሾች ናቸው።

ከመፈረም በፊት

ይህ ሁሉ ታሪክ ዛሬ ምርጫ ለሚቸግረው ሰው ምን ይጠቅመዋል? በእኔ እምነት ጥያቄውን ያስተካክልለታል። «የቱ ቤት ይሻላል?» ከማለት በፊት «በሽታዬ ጊዜ ይሰጠኛል ወይ?» ማለት ይገባል። የተቀደደ ትርፍ አንጀት፣ የተቋጠረና የጠነከረ ቡአ፣ ደም የሚያፈሳት ነፍሰ ጡር ምርጫ የላቸውም። ሐኪም፣ ማደንዘዣና ደም ወዳለበት ቅርብ ቤት መሮጥ ነው። ሕመም የሌለው ቡአ፣ የቆየ እንቅርት፣ የዓይን ሞራ ግን ወረፋ ይችላሉ፤ ለእነዚህ ካርድ ይዞ በመንግሥት ቤት መጠበቅ ሞኝነት አይደለም። በመካከል ያለው አስቸጋሪው የራምቦ ዓይነት ነው። ዕጢ ነው ተብሎ የተጠረጠረ እብጠት ወራት ሊጠብቅ አይገባውም። ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ ፍጥነትን ለመግዛት ማውጣት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ቢያንስ የናሙናው ምርመራ ቶሎ እንዲያልቅ ማድረግ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከባድ ነገር ቢመጣ የሚረከበኝ ማን ነው የሚለው ነው። ጠዋት በመንግሥት ሆስፒታል የሚሠራው ሐኪም ከሰዓት በኋላ በግል ቤት መሥራቱ በብዙ አገር የተለመደ ስለሆነ፣ በእጁ ብቻ ሁለቱን ቤቶች ማበላለጥ አይቻልም። ልዩነቱ የሚታየው ሌሊት ነው። የማደንዘዣ ባለሙያው ያድራል? ደም አለ? የጽኑ ሕሙማን ክፍል አለ? ከሌለ፣ በግል ቤት የተጀመረው ኦፕራሲዮን በአምቡላንስ ወደ መንግሥት ቤት ሄዶ ሊያልቅ ይችላል። ያን ጊዜ በሽተኛው ለሁለቱም ይከፍላል።

ሦስተኛው የዋጋው ወረቀት ነው። በትርጉም ሥራ ምክንያት በእጄ ካለፉት «ዱቪ» የሚባሉ የዋጋ ግምት ወረቀቶች ያስተዋልኩት፣ ቤተሰቡ የመጨረሻውን ድምር ብቻ አይቶ የሚፈርም መሆኑን ነው። ድምሩ ስንት ሌሊት እንደሚያካትት፣ ማደንዘዣውና ላቦራቶሪው በውስጡ መሆናቸውን፣ የመድን ካርዱ በዚያ ቤት የሚሠራ መሆኑን ማንም አይጠይቅም። በ2015 የላንሴት ኮሚሽን ያወጣው ዘገባ በየዓመቱ 33 ሚሊዮን ሰዎች በኦፕራሲዮን ዋጋ ምክንያት ለከፋ የገንዘብ ችግር እንደሚዳረጉ አመልክቷል። ሌሎች 48 ሚሊዮን ደግሞ ለዚሁ የሚዳረጉት በመንገድ፣ በማደሪያና በምግብ ወጪ ነው። በሐዲዱ ወደ ላይ የሚወጣው ዘመዳችን የአዲስ አበባውን ዋጋ ሲያሰላ የአስታማሚውን መሳፈሪያና የሚከራየውን ክፍል፣ ስፌቱ በሚፈታበት ቀን የት እንደሚሆንም ማስላት አለበት።

አስታማሚ ካልን፣ አራተኛው ጥያቄ ይህ ነው። በእኛ ዘንድ ሆስፒታል የሚገባ ሰው ብቻውን አይገባም። ምግብ የሚያመላልስ፣ መድኃኒት የሚገዛ፣ ደም የሚሰጥ፣ የሐኪሙን ቃል የሚሰማ ሰው ይከተለዋል። በስደት ያለው ይህ የለውም። ከራምቦ ጀምሮ እስከ ባልባላው የቀን ሠራተኛ ድረስ ያየነው ታሪክ የሚነግረን ግን ዋስ የሌለው በሽተኛ በየትኛውም ቤት ቢገባ ኋለኛ እንደሚሆን ነው። ንጉሥ፣ ኩባንያ፣ ቀይ መስቀልና መድን በየተራቸው ዋስ ሆነዋል። በእጃችን ያለው ዋስ ደግሞ እድራችን ነው። እድር ለቀብር ብቻ የሚሰበሰብበት ምክንያት የለም። አባላቱ ካርድ እንዲያወጡ የሚያስታውስ፣ የደም ዓይነታቸውን በመዝገብ የያዘ፣ ፈረንሳይኛ ከሚያነቡት አንዱን ከታማሚው ጋር የሚልክ እድር በባልባላ ቢኖር፣ «መንግሥት ቤት ነው ወይስ የግል?» የሚለው ጥያቄ ግማሽ ክብደቱን ይጥላል። ወጪውም ለእያንዳንዱ ቤት በወር ከአንድ ስኒ ቡና ዋጋ የሚበልጥ አይመስለኝም።

ፈጣሪ ከደዌ ይሰውረን፤ ከመጣም ዋስ አያሳጣን።